የእናት ስም የሚለው ዓምድ

ጥር 14፣ እሑድ

ትናንት ኤፍሬም የሚባል ልጅ ከባሕር ዳር መጣ። የማኅበራት መድረክ ከሚሉት ቢሮ ነው። በወገዳ በኩል ዞሬ መጣሁ ይላል፤ ጫማው ግን አቧራ አልነካውም። በዚያ መንገድ የመጣ ሰው እንኳን ጫማው ቅንድቡም አይተርፍም። ዋሸኝ ማለቴ አይደለም፤ ብቻ ልጻፈው ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጥራጥሬ ንግድ አዲስ መመሪያ ተረቅቋል። ምስርና ባቄላ ከተሰየመ ማዕከል ውጭ አይሸጥም፤ ማዕከሉ ላይም ከአንድ ኩንታል በታች ይዞ መቅረብ አይቻልም። ለእኛ የሚቀርበው ማዕከል ደብረ ታቦር ነው። ይህ ከጸደቀ የአርብ ገበያ የጥራጥሬ ተራ ተዘጋ ማለት ነው። ሁለት ቁና ምስር በአህያ ጭና የምትመጣ ሴት ምን ይዋጣት? ጎረቤቴ ቦጋለች ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው ከዚሁ ተራ ምስር ገዝታ፣ ከክታ፣ ክኩን እየቸረቸረች ነው።

መጋቢት 11 ባሕር ዳር ላይ ስብሰባ አለ። እንደኛ ያለ ማኅበር ተወካይ ልኮ አራት ደቂቃ መናገር ይችላል ተብሏል። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለው ነገር የሚወሰነው እኛ አጨዳ ላይ ሳለን ነበር፤ የምንሰማውም ሲከለክሉን ነው። አሁን ግን ሦስት መቶ ደጋፊ በስም፣ በአባት ስም፣ በእናት ስምና በጣት አሻራ አቅርቡ ይላሉ። የእናት ስም ደግሞ ለምን? አልኩት ልጁን።

«እትዬ ሐረገ ወይን፣ ስም ይመሳሰላላ። ዳታውን ከቀበሌው መዝገብ ጋር ቼክ የሚያደርጉት በእሱ ነው» አለኝ።

የሰባቱ ዕድሮች ኅብረት ጸሐፊ እኔ ነኝ። እንግዲህ ስሙን የምሰበስበውም፣ ሄጄ የምናገረውም እኔ ነኝ ማለት ነው። ሊቀ መንበራችን አያ ፍሬው፣ ያ ባቄላ ገበሬው፣ «መልካም ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ቶሎ ነው የነቀነቀው። እሱ እንኳን ለመንግሥት ወረቀት ለሠርግ ጥሪም ቶሎ እሺ አይልም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው።


ጥር 16

ኤፍሬም የተወው ቅጽ ዝርክርክ ነው። በእጄ አሰመርኩት። አርዕስቱን በቀይ ቀለም፣ የቀረውን በጥቁር። ጽሕፈት ያስተማረኝ አባቴ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ነው፤ ቤተ ልሔም ገብቶ ድጓ ያስመሰከረ። በዚህ አገር የእሱን የሚያህል እጅ አልነበረም፤ አሁን ደግሞ የእኔን የሚያህል የለም። «የእናት ስም» የሚለውን ዓምድ ሰፋ አድርጌዋለሁ። ሲያዩት ደስ ይላል።


ጥር 19፣ አርብ

ገበያ። ሰባ ሁለት ስም። እጄ ዝሏል።

ማንም አላስቸገረኝም። አንዲት ሴት የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፍና አለፈችኝ፤ ፀሐዩ ነው። አንድ ነጋዴ ከጨው ተራው ጥግ ቆሞ ሲያየኝ ዋለ። ማን ልኮት ይሆን?


ጥር 21፣ እሑድ

አስተርእዮ ማርያም ናት፤ ሥራ የለም። መጻፍ ሥራ ከሆነ እሷ ትማረኝ።

ሰው ለምን እንዲህ ገራ? አምና ለውሃው ጉዳይ ስም ስጡ ስላቸው ግማሽ ቀን ተከራክረውኛል፤ ያኔ የተጠየቀው የራስና የአባት ስም ብቻ ነበር። ዘንድሮ ጠይቄ ሳልጨርስ ይነግሩኛል። ማንበብ የሚችለውም አላነበበው። የራሱን ይላል፣ የአባቱን ይላል፣ የእናቱ ላይ ሲደርስ ግን ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ሒሳብ እንደሚያሰላ ተማሪ። የእናት ስም ይታሰባል እንዴ?

ደምሌን ደግሞ ማጣራት አለብኝ። ከቆላው ማዶ ምስር የሚያመጣው ደምሌ ነው። ስሙን ከመስጠቱ በፊት «ይኸ ወረቀት የት ነው እሚያድረው?» አለኝ።

«እኔ ቤት። አባቴ ሳጥን ላይ አስቀምጠዋለሁ» አልኩት።

አህያው ማሰሪያውን ፈትቶ ሲሄድ እንኳን ዞር አላለም። ከዚያ «እናቴ… እመቤት» አለ። መዝገብ የት እንደሚያድር የሚጠይቅ ሰው ለሌላ ሰው ሊናገር ነው። ትልልቆቹ ነጋዴዎች ይህ ተራ ቢዘጋላቸው ይወዳሉ፤ ደምሌም ለእነሱ ነው የሚሸጠው።

የሳጥኑን ነገር ባልነግረው ይሻል ነበር። ሰው አባቴን የማይለው የለም። አባቴ በሰው ስም ምንም አልሠራም። ክታብ ከጻፈም ለበሽተኛ ነው። ሳጥኑን እንደሁ ከሞተ ወዲህ አልከፈትኩትም።

ቦጋለችንም ቤቷ ሄጄ መዘገብኳት። ክክ እያበጠረች ነበር። የእናት ስም? ስላት «አማረች» አለችኝ፣ ከሰፌዱ ቀና ሳትል። እኔ የሻረግ ይመስለኝ ነበር። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ፤ አልቃሿ የሻረግ ስትል የሰማሁ ይመስለኛል። ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። አማረች ብዬ ጻፍኩ።


ጥር 27

ሦስት መቶ አርባ ሞላ! ፍሬው ለባሕር ዳሩ ሰው ደብረ ታቦር ድረስ ወስጄ እሰጣለሁ አለ። እኔ ልሂድ ስለው «አንች ንግግርሽን አጥኝ» አለኝ። ለምን እሱ? ወረቀቱን ሳስረክበው በነጠላ ጠቅልሎ ነው የያዘው፤ በእጁ እንኳ ሳይነካው። ግልባጩን ለራሴ አስቀርቻለሁ። ይወቀው አይወቀው እንጃ።


የካቲት 3፣ አርብ

አራት ደቂቃዬን ቦጋለች ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። «ክቡራንና ክቡራት፣ የተከበራችሁ…» ስል ሳቀች።

«ተይ አንች፣ ክብሩ ብቻ አንዱን ደቂቃ በላው። ስለ ቁናው ንገሪያቸው።»

እሷ ምን ታውቃለች። ግን አንዱን «የተከበራችሁ» ሰረዝኩት። ሌሊት ሳይቀር ንግግሩ ነው በሕልሜ የሚመጣው። በሕይወቴ ስለ ሰው ስጽፍ ነው የኖርኩት፤ አንድ ቀን እንኳ ተነሥተሽ ተናገሪ ያለኝ የለም።


የካቲት 9

ኤፍሬም ደወለ። ድምፁ ይቆራረጣል።

«እትዬ፣ ሊስቱ ወደቀ። ከሦስት መቶ አርባው መዝገብ ላይ የተገኙት ሃያ ስምንት ብቻ ናቸው። ፎርጅድ ነው፣ የሌሉ ሰዎች ናቸው እያሉ ነው።»

የሌሉ ሰዎች! በዓይኔ ያየኋቸው፣ ጣታቸውን ይዤ ቀለም ያስነከርኳቸው!

የእስቴዎቹ አልፏል። የስማዳዎቹም። የወደቅነው እኛ ብቻ ነን። እስከ የካቲት 30 ካላስተካከልን ከተናጋሪዎቹ ዝርዝር እንወጣለን። በሐሰተኛ ሰነድም እንጻፋለን።

ወረቀቱን ይዞ የሄደው ማን ነበር?


የካቲት 10፣ አርብ

ፍሬውን ገበያ መሐል ያዝኩት።

«አያ ፍሬው፣ ያ ወረቀት መንገድ ላይ ማን እጅ ገባ?»

«ደረቴ ላይ ነው ውሎ ያደረ።»

«ታዲያ ሰው እንዴት የለም ይባላል?»

«እኔ ምን አውቄ? የጻፍሽው አንች።» ይህን ሲል ወደ ኋላው አየ። ሰው ሁሉ ያየን ነበር፤ ሳያቸው ግን እህል ዘገን ዘገን ያደርጋሉ።

ቤት ገብቼ ኤፍሬም በቴሌግራም ከላከልኝ ፎቶ ጋር ግልባጬን አስተያየሁት። መስመር በመስመር። አንድ ፊደል አልተነካም፤ ሁሉም የራሴ ጽሕፈት ነው። እንግዲህ ፍሬው ንጹሕ ነው፣ በዚህ በኩል። ሌላ በኩል አላውቅም።


የካቲት 13፣ የጾሙ መግቢያ

ቀበሌ ሄጄ ጸሐፊውን ለመንኩት። መዝገቡን ገልጦ ጥቂት ስም አሳየኝ። የደምሌ እናት እዚያ ማርያም ናቸው፣ እኔ ጋ እመቤት። የፍሬው እናት እዚያ ሌላ፣ እኔ ጋ ሌላ። የራሳቸውና የአባታቸው ስም ግን ልክ ነው። የተበላሸው ያ ሰፊው ዓምድ ብቻ ነው። የቦጋለችን ግለጥልኝ አላልኩትም። ጊዜ አልነበረኝም።

መዝገቡን ያበላሸ ሰው አለ። ወይም እኔን ያሳሳተ አንድ ተንኮለኛ አለ፣ ከመካከላችን፣ ሰውን ሁሉ እየዞረ የመከረ። ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ በራሱ ሐሳብ አይሳሳትም።

ፍሬውን አውጫጭኝ ይጠራ አልኩት። «እሱ እኮ ለከብት ሌባ ነው» አለኝ። ይኸም ስርቆት ነው አልኩት። አራት ደቂቃዬን ነው የሰረቁኝ።


የካቲት 19፣ እሑድ

የሆነውን ሁሉ እጽፈዋለሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀመጠ። አውጫጭኝ ድሮ ከብት ሲጠፋ እንደሚደረገው ነው፤ ሰው አንድ በአንድ እየተነሣ የሚያውቀውን ለታመነ ሽማግሌ በጆሮው ይናገራል፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ጆሮ የሆኑት አባ ተክሌ ናቸው፣ የአብዛኛው ሰው የነፍስ አባት። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ የእያንዳንዱን ፊት ሳነብ ነበር። ፍሬው ሲናገር አጎንብሶ ነው። ደምሌ ረጅም አወራ፤ በእጁም አንድ ነገር አሳየ፣ አራት ማዕዘን፣ እንደ ሳጥን ያለ። ቦጋለች ግን አንድ ቃል ብቻ ተናግራ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ መሬቱን በጣቷ ስትጭር ቆየች፣ ወደ እኔ አላየችም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አባ ተክሌ ተነሡ። «ሌባ የለም፤ ወደየቤታችሁ ግቡ» አሉ። ሰው እንደተለቀቀ ጥጃ ወጣ። እኔን ግን በእጃቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ የመጀመሪያው የነገረኝን ነው የመጨረሻውም የነገረኝ።»

«ማን ነው እሱ አባ? ስሙን ይንገሩኝ።»

«ሁሉም ናቸው። የእናታቸውን ስም የለወጡብሽ ራሳቸው ናቸው።»

«ማን መከራቸው?»

«መካሪ አላሻቸውም። ቀዩን ቀለም አዩ። የሰው ስም ከነእናቱ በቀይ መስመር ሥር ተጽፎ፣ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ሳጥን ላይ ሊያድር ነው ሲሏቸው… ይኸን አገር ታውቂዋለሽ። የእናቱን ስም የሰጠ ሰው ነፍሱን እንደሰጠ ነው የሚቆጥረው። ዓይነ ጥላው፣ መስተፋቅሩ፣ ድግምቱ፣ ሁሉም የሚጻፈው በእናት ስም ነው ይላል።»

«አባቴ እንዲህ ያለ ነገር…»

«አባትሽን እኔም አውቀዋለሁ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም።


የካቲት 20

አርባ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ! የማን ልጅ ማመልከቻ ነው ያልጻፍኩት? የማንን የሐኪም ወረቀት ነው ያላነበብኩት? ደምሌ የመሬት ደብተሩ ሲጠፋበት ከወረዳ ወረዳ የተንከራተትኩለት እኔ ነኝ። ልቅሶ ላይ ሲያቅፉኝ፣ በበዓል ሲጠሩኝ፣ በሆዳቸው ይህን ይዘው ነው።

ቦጋለች በሩን አንኳኳች። አልከፈትኩም። «ሐረግ፣ እኔ ነኝ» አለች። እሱን እኔም አውቃለሁ።


የካቲት 22

ሳጥኑን ከፈትኩት።

ከሞተ ወዲህ አልከፈትኩትም ብዬ ከላይ ጽፌያለሁ። ልክ አይደለም። በአርባው ማግስት አንዴ ከፍቼ ወዲያው ዘግቼዋለሁ። የዘጋሁትም ያየሁትን ስላየሁ ነው።

ውስጡ የብራና ጥራዝ አለ። ስም በስም ላይ፣ ከነእናታቸው፣ የእናትየው በቀይ። አንዳንዱ አጠገብ «ለሆድ ሕመም»፣ «ለሾተላይ» የሚል አለ። ብዙዎቹ አጠገብ ግን ምንም የለም። የፍሬው አባት አሉበት። የደምሌ አጎት አሉበት፣ ያ አብዶ ገደል የገባው። ለምን እንደተጻፉ አልተጻፈም። ጽሕፈቱ ውብ ነው። የእኔን ይመስላል፤ ያው የእኔ ነው ማለት ይቻላል።

ነጠላ ደርቤበት ከነሳጥኑ ለአባ ተክሌ ወሰድኩት። ያቃጥሉት አልኳቸው። «የሰው ስም አላቃጥልም፤ ዕቃ ቤት ይቀመጣል» አሉ። ሳጥኑን ግን ተሸክሜ ተመለስኩ። ባዶ ሳጥን ምን ያስፈራል።

ከዚያ በእግሬ ፍሬው ቤት ሄድኩ። «ስሙን አንተ ጻፈው። ከልጅህ ደብተር ቅደድ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። እኔ አጠገብህ አልደርስም» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። «ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ነው እኮ» አለኝ። እሱንማ አውቃለሁ።


የካቲት 24፣ አርብ

በቦጋለች መደብ ከጆንያዋ ኋላ ተቀምጬ ሳይ ዋልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ «ቆሎ ብይ» አለችኝ፤ በላሁ።

ሰው ፍሬውን ከበበው። ይከራከሩታል! ይህ ለምን? ያ ምን ያደርጋል? ቢከለክሉን ምን ልትሉ ነው? አንዷማ አሻራዬን ከማስቀመጤ በፊት አንብብልኝ ብላ ሁለት ጊዜ አስነበበችው። የእናታቸውን ስም ሲጠየቁ ሰማይ የሚያይ አንድም አልነበረም። እንዲህ ነው ለካ እውነተኛ ስም የሚሰጠው፣ እየተጨቃጨቁ። እኔ ገር መሆናቸው ሲያጠራጥረኝ የጠረጠርኩት ሌላ ሌላውን ነው።

ገበያው ሲፈታ ተራዬ ደረሰ። እኔም አባል ነኝ፤ ሳልመዘገብ ተናጋሪ መሆን አልችልም።

«ስም?» አለኝ ፍሬው።

«አታውቀው ይመስል!»

«ሕጉ ነው፤ ተናገሪ።»

ተናገርኩ። የአባቴንም። «የእናት ስም?» አለኝ። ያ ከጨው ተራ ያለ ነጋዴ ከኋላዬ ቆሟል። ደብተሩ ፍሬው ቤት ነው የሚያድረው፤ ፍሬው ቤት ደግሞ የማይገባ ሰው የለም።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

«ርብቃ» አልኩት።


መጋቢት 4

ኤፍሬም ደወለ። ከሦስት መቶ አሥራ ዘጠኙ ሦስት መቶ አሥራ ስምንቱ ተገኝተዋል። አልፈናል! ያልተገኘው አንድ ነው። «ይቅርታ እትዬ፣ የእርስዎ ነው። ተናጋሪ ደግሞ ከተረጋገጡት መሆን አለበት» አለኝ።

ያ የፍሬው የዶሮ ጭረት ነው ያሳሳተው። ብያለሁ፣ ያ ሰው መጻፍ አይችልም።

አይ፣ ተዪ። ቢያንስ እዚህ አትዋሺ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ርብቃ እናቴ አይደለችም፤ ርብቃ የምትባል ሰው አላውቅም። አራት ደቂቃዬን የሰረቀኝ ሰው ተገኘ።

ንግግሬን ለፍሬው ሰጠሁት። ቦጋለችም አብራው ትሄዳለች። አለቀስኩ፤ ከዚያ ንግግሩን እንዲያነበው በትልልቅ ፊደል ገለበጥኩለት። በጥቁር ብቻ።


መጋቢት 14

ቦጋለች ትናንት ማታ ከባሕር ዳር ገባች። ዛሬ ገና አቧራዋን ሳታራግፍ መጣች ማለት ይቻላል፤ በሩን ሳታንኳኳ ገፍታ ገባች።

ፍሬው ወረቀቴን ዘርግቶ «ክቡራንና ክቡራት» ካለ በኋላ ላብ አጥምቆት ዝም አለ አሉ። አንዱ ደቂቃ እንዲሁ ሄደ። ያኔ እሷ ተነሣች። ከነጠላዋ ሥር ቁናዋን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ምን አልሽ?» አልኳት።

«ይችን ሙሉ ምስር ናት ያለችኝ አልኳቸው። ይችን ይዤ ደብረ ታቦር ልሂድ? ወይስ ኩንታል እስክትሆንልኝ ልጆቼ ይጹሙ? አልኳቸው።»

«እነሱስ?»

«ሳቁ። ኋላ አንዱ መሳቁን ትቶ ጻፈ። ስንት ሰው በቁና ይሸጣል፣ ገበያው እንዴት ነው የሚሠራው ብለው ጠየቁኝ። የማውቀውን ተናገርሁ። የኩንታሏ ነገር እንደገና ትታያለች አሉ። የገበያውን ነገር በጽሑፍ አምጡ፣ ወር ሰጠናችሁ ብለዋል።»

ትታያለች ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ያ የጻፈው ሰውዬም ምን እንደጻፈ ማን አይቶበታል። ይህን ስላት «እሱንማ አንች አጣሪ» አለች። «የምትጽፊው አንች ነሽ።»

«ፍሬው ይጻፍ። እኔ ብጽፈው ሰው ይፈራል።»

«ፍሬው ክቡራን ብሎ ይቀራል። በቀይ አትጻፊው እንጂ ሰው ምን አለ?»

ሳጥኑን አየችው፤ አሁን ዱቄት አድርጌበታለሁ። ከዚያ ድንገት «የእናቴ ስም የሻረግ ነው» አለች።

«አውቃለሁ። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ።»

«እያወቅሽ ነው አማረች ብለሽ የጻፍሽው?»

አዎ አልኳት። ጓደኛዬ ዋሸችኝ ከማለት ጆሮዬን መጠርጠር ቀሎኝ ነው። ነገሩ ይኸ ብቻ ነበር፤ ሰውን ሁሉ ስጠረጥር እሷን ላለመጠርጠር ነው።

ተጠጋችኝና የክርስትና ስሟን በጆሮዬ ነገረችኝ፤ የራሷንም የእናቷንም። ማንም ሳይጠይቃት።

ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ። በመስኮቱም አየሁ፤ አጥሩ ሥር ሰው የለም። ተመልሼ ተቀመጥኩና የእናቴን ስም ነገርኳት።

እዚህ ግን አልጽፈውም። የእሷንም አልጽፍም።